ውጣ በለው

በአርባ አንድ ፊልም ውስጥ በር ከፍቷል። ቁጥሩን የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እሱ ከሃያ በኋላ መቁጠሩን ትቷል። የሆቴል በር፣ የመኪና በር፣ የፍርድ ቤት በር፣ አንድ ጊዜም የሬሳ ክፍል በር። በሩን ይከፍታል፣ ግራ እጁን ከወገቡ ኋላ ያደርጋል፣ ከአንገቱ ዝቅ ይልና «ይግቡ ጌታዬ» ይላል። ከዚያ ካሜራው የገባውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል፤ እሱ ከበሩ ጋር ይቀራል። የፊልም ሰዎች ስሙን ከረሱት ቆይተዋል፤ «ጋሽ ይግቡ» ነው የሚሉት። አዲስ የመጣ ካለማ እውነተኛ ስሙ መስሎት «አቶ ይግቡ» ብሎ ይጠራዋል። እሱም አቤት ይላል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው ኮቱ ነው። በአንድ መድን ድርጅት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያመላልስ በነበረበት ዘመን የባልደረባው ወንድም ፊልም ይሠራ ነበር። ለአንድ የግብዣ ትዕይንት የራሱ ሙሉ ልብስ ያለው፣ ወፍራም ያልሆነ፣ ዝም ብሎ መቆም የሚችል ሰው ተፈለገ። እሱ ሦስቱንም ያሟላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደጋግመው ጠሩት። ልብሱን ይዞ የሚመጣ፣ በሰዓቱ የሚደርስ፣ አንድ መስመር ተናግሮ የሚሄድ ተዋናይ ማን ይጠላል? በሻንጣው ውስጥ አምስት ሙያ ታጥፎ ተቀምጧል፦ የአሳላፊ ነጭ ኮት፣ የዘበኛ ካፖርት ከነቆቡ፣ የሾፌር ጓንት፣ የሐኪም ጋውን፣ የችሎት ጸሐፊ ጥቁር ከረባት። ስልክ ሲደወልለት «ጋሼ፣ ማክሰኞ ይመችዎታል?» የሚለው የለም። «ጋሼ፣ ካፖርቱ አለ?» ነው የሚሉት።

ስለዚህ ዳይሬክተሯ ደውላ «ልብስ እንዳያመጡ» ስትለው ሥራው የቀረ መሰለው።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ኧረ ምንም! ልብሱን እኛ ነን የምናለብስዎ። አባት ነዎት።»

«የማን አባት?»

የመሪ ተዋናዩን ስም ጠራችለት። ሰዉ ሁሉ «ኮከቡ» የሚለው ነው፤ ፎቶው በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፏል። እሱ ራሱ በአሥራ አንድ ፊልም በር ከፍቶለታል።

«የርስዎ ዓይን ደስ ይለኛል» አለች ዳይሬክተሯ። «ሰው አያየውም እንጂ ጥግ ቆመው የሚያዩት አስተያየት አለ። እስቲ አንድ ቀን መሐል ላይ ላየው።»

ስልኩን ሲዘጋ ሚስቱ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታየው ነበር። ነገራት። መኪናዋን ትታ ተነሣችና እሷ በተራዋ ለእህቷ ደወለች፤ «አባት ሆነልሽ!» ስትል በሳቅ ድምጿ ተቆራረጠ። ልጅ አልወለዱም። እህትየው በወዲያኛው ጫፍ ምን እንዳለች አልሰማም፤ ሚስቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሳቀች።

ትዕይንቱ ሁለት ገጽ ነው። ልጅየው ሀብታም ሆኗል፤ አባቱ የሚኖርበትን ቤት ሳይነግረው ሸጦታል። በጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ተሽሞንሙኖ ሊያረዳው ይመጣል። አባት እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ከወንበሩ ሳይነሣ ያሳደገውን ልጅ አንድ በአንድ ይወቅሰዋል። ሲጨርስ ይነሣል፣ በሩን ይከፍታል፣ «ውጣ። ከቤቴ ውጣ» ይለዋል። ልጅየው በአባቱ ፊት አልፎ ይወጣል። ዳይሬክተሯ ፊልሙ በሙሉ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው ብላዋለች።

ወቀሳውን በሁለት ቀን ሸመደደው። ያስቸገረው ቃሉ ነው።

«በል፣ ውጣ በለኝ» አለችው ሚስቱ፤ ልጁን ሆና ከበሩ አጠገብ ቆማለች፣ ክርና መርፌ በእጇ ነው።

«አንቺ ሴት ነሽ።»

«እንግዲያው ውጪ በለኝ፤ ምን ቸገረህ።»

«ውጪ» አላት፤ ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት።

«ይሄ ማስወጣት ነው? እንዲህ ብለኸውማ ድመትም አይወጣልህ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ብዬሽ የማላውቀውን ዛሬ ከየት ላምጣው?»

«ልጅ ቢኖረን ትለምደው ነበር» አለች። ካለች በኋላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በሦስተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ በመስታወቱ ፊት «ውጣ!» ሲል የጎረቤቱ ሰውዬ ግድግዳውን ደበደበ። ሚስቱ ከውጭ አጨበጨበች። እሱም ጎረቤቱን ይቅርታ ሊጠይቅ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ሆኖም ደስ ብሎት ነበር። ቃሉ አለ። ከውስጥ ወጥቷል።

ቀረጻው የተከራዩት አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ የተያዘው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ኮከቡም አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ሹራብ አለበሱትና ከክፍሉ መሐል ባለ ወንበር ላይ አስቀመጡት። የመብራት ባለሙያው የብርሃን መለኪያውን ይዞ ወደ ፊቱ ሲጠጋ፣ የሚያልፍበት መስሎት አንገቱን ዘንበል አደረገለት።

«ኧረ ይቀመጡ ጋሼ» አለው ባለሙያው። «ለርስዎ ነው።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ለፊቱ ተብሎ መብራት ሲበራ የመጀመሪያው ነው።

ኮከቡ መጥቶ ጨበጠው። ደግ ሰው ነው፤ ከፍ ዝቅ አድርጎት አያውቅም። «ጋሼ፣ ዛሬ እንግዲህ ተገለበጥን!» አለው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ እሱ። ሁሉንም አንቱ ነው የሚለው፤ ገመድ የሚጎትቱትን ሳይቀር።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ወቀሳው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ አንድም ቃል አልተደናቀፈም። የድምፅ ቀጂው ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ በዓይኑ ጥግ አየው። ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ። ኮከቡ በሰማያዊው ልብሱ፣ በሚያብረቀርቅ ጫማው ከፊቱ ቆሟል። እጀታውን ያዘ፤ በሩ ተከፈተ። ግራ እጁ ከወገቡ ኋላ ሲሄድ ተሰማው። ሊመልሰው አሰበ፤ አስቦ ሳይጨርስ አንገቱ ዝቅ ብሏል።

«ይውጡ» አለ። «ከቤቴ ይውጡ።»

ድምፅ ቀጂው በሳቅ ፈነዳ፤ ከሱ ቤቱ በሙሉ ተቀበለው። ኮከቡ እንባው እስኪመጣ ስቆ ትከሻውን ያዘውና «ጋሼ፣ 'ጌታዬ' የምትለዋን ረሱብኝ እኮ!» አለው። እሱም ሳቀ። ያስቃል።

ሁለተኛው ቀረጻ ላይ እጁን ከሹራቡ ኪስ ከቶ ያዘው፤ ቃሉ ግን «ው… ይውጡ» ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ላይም ያው። አራተኛው ላይ ጥርሱን ነክሶ «ውጣ» አለ፤ ዳይሬክተሯ እጇን ልታጨበጭብ ስታነሣ «እባክዎ» ብሎ ጨመረበት። ይህኛውም አሳቀ። ሰባተኛው ላይ የሳቀ የለም። ሳቁ አላስፈራውም ነበር፤ የሳቁ መቅረት ግን አስፈራው።

ዳይሬክተሯ ዕረፍት ሰጠች። ኮከቡ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዞለት መጣና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ችግሩ እኔ ነኝ። ለምን አሁን፣ ካሜራ ሳይኖር፣ አንተ አይሉኝም?»

«እንዴት ብዬ?»

«በቃ ይስደቡኝ። 'አንተ ልጅ፣ ምን አባክ ታደርጋለህ እዚህ' ይበሉኝ። ታላቄ አይደሉ? ደስ ይለኛል።»

ሻይውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ልጅ…» አለ፤ እስከዚህ ደህና ነበር። «ምን… አባትዎ…»

ኮከቡ እንዳይስቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ዳይሬክተሯ ሌላ መላ ዘየደች። ኮከቡን ወደ ጓዳ ላከችውና በቦታው ድምፅ ቀጂውን አቆመችው። ባለ ቁምጣ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለ፣ ከምሳው የተረፈ ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ያለ ልጅ እግር ሰው ነው። «ለሱ ይበሉት» አለችው።

ተነሣ፣ በሩን ከፈተ፣ «ውጣ» አለው። «ከቤቴ ውጣ።»

አልጮኸም። ድምፅ ቀጂው ግን ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። እሱ ራሱ የገዛ ድምፁ ከክፍሉ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ የሚናገረውን ሰው አያውቀውም፤ ግን ወደደው።

«ይኸው! ይኸው!» አለች ዳይሬክተሯ። «እሱኑ ነው የምፈልገው። ቶሎ፣ ሰውየውን አምጡልኝ።»

«ካሜራው ያኔ ቢሠራ ኖሮ» አለ ድምፅ ቀጂው ክንዱን እያሸ።

«በሩ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ካላየሁ ምን ዋጋ አለው?»

ኮከቡን አመጡት። ኮቱን አስወለቁት፤ ከረባቱን አላሉት። ሩብ ጉዳይ ለአሥር ነበር። ተነሣ፣ በሩን ከፈተ፣ ኮከቡን አየው። ፍርሃት አልነበረም፤ ሰውየው እንደማይከፋው፣ እንዲያውም እየለመነው እንደሆነ ያውቃል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው፤ ክብደቱ ሳይቀር ይሰማዋል። በአርባ አንድ ፊልም ያሠለጠነው ገላው ግን ከሱ ቀድሞ ሄደ። እጁ ሄደ፣ አንገቱ ሄደ።

«ይውጡ።»

«ከቤቴ ይውጡ» ብሎ ሲጨርስም ዳይሬክተሯ «ካት» ብላ አላስቆመችም። ካሜራው ብቻውን ትንሽ ሠራ። ኮከቡ ሌላ ምን ያድርግ፣ ወጣ፤ ሲወጣ ሽማግሌውን እጅግ በጣም አዝኖለት አየው። ደጅ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀው ነበር።

«አይዞዎት ጋሼ» አለች ዳይሬክተሯ ሹራቡን ሲያወልቁለት። «ኤዲቲንግ ላይ እናየዋለን።»

ሥራውን ያውቀዋል። «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል።

ማታ ሚስቱ «አልከው ወይስ አላልከውም?» ብላ ያዘችው።

«አልኩት።»

«ኮስተር ብለህ?»

«ወደ ኋላ ነው ያለው» አላት። ውሸት አልነበረም። ለማን እንዳለው አልጠየቀችም፤ ምን ብላ ትጠይቅ?

በሳምንቱ ለፊልሙ ምርቃት የምትለብሰውን ቀሚስ ቆርጣ ጀመረች። ጨርቁ ወይን ጠጅ ነው፤ ለደንበኛ ተገዝቶ ደንበኛዋ የቀረችበት። የምትጠራቸውን ሰዎች ዝርዝር ስፌት መኪናዋ ላይ በእስፒል ሰካችው። እህቷ፣ የእህቷ ባል፣ ግድግዳ የደበደበው ጎረቤት ሳይቀር። በየቀኑ አንድ ሰው ይጨመራል። እሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዝርዝሩን ላለማየት ወደ መስኮቱ ያይ ነበር። ነገ እነግራታለሁ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ደግሞስ ምን ብሎ ይነግራታል? ትዕይንቱ ይቆረጥ አይቆረጥ እሱም አያውቅ።

ዳይሬክተሯ የደወለችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። «ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፅ ቤት ብቅ ይበሉልኝ» አለችው። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።»

ልቡ ድንግጥ አለ፤ በደስታ ነው። ድምፅ ቤት ማለት ካሜራ የለም ማለት ነው። ኮከቡ የለም፣ ሰማያዊ ልብስ የለም። አፉ በደንብ ካልታየ «ውጣ»ን በ«ይውጡ» ላይ መጫን ይቻላል፤ ስንት ጊዜ ሲደረግ አይቷል! አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ውጣ፣ ውጣ» ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዘወር ብሎ «መስኮቱ ጋ መቀመጥ ፈልገው ነው አባቴ? ልነሣልዎ?» አለው።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!» አለ እሱ ደንግጦ።

ድምፅ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ ወዲያ ማዶ በመስታወት የተጋረደ ሌላ ክፍል አለ። ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ እጁን አውለበለበለት። ዳይሬክተሯ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና «መጀመሪያ እንይው» አለችው።

ስክሪኑ ላይ አልጋ ታየ። አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝቷል። ያውቀዋል፤ የቲያትር ቤት ሰው ነው፣ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የሚጮህ የሚመስል። ኮከቡ ኮቱን አውልቆ፣ ከረባቱን አላልቶ ከራስጌው ቆሟል። ሽማግሌው መናገር ጀመረ። የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ ሁለተኛውን አወቀው፤ የራሱ ወቀሳ ነው። ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ የሸመደደው። ከንፈሩ ሳያዘው አብሮ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ሲጨርስ ክንዱን ከብርድ ልብሱ አወጣና «ውጣ» አለ። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው።

ከዚያ በሩ መጣ። እሱ በቡናማ ሹራቡ ከስክሪኑ ጥግ ይነሣል፤ ይሄዳል፤ እጁ ከወገቡ ኋላ፣ አንገቱ ዝቅ። «ይውጡ። ከቤቴ ይውጡ።» ኮከቡ በፊቱ ያልፋል፤ ሲያልፍ ያየዋል፤ ያ እጅግ ያዘነ አስተያየት እዚያው አለ።

ዳይሬክተሯ ምስሉን አቆመችው።

«ቤተሰቡን ስንት ዘመን ያገለገለ ሰው አድርገንዎታል» አለች ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ። «አባቱ ሲያባርረው አይደለም የሚሰበረው። እርስዎ አሁንም ሲያከብሩት ነው። እውነቴን ነው ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል።»

እውነቷን ነበር፤ የከፋውም ይኸው ነው። ብዙ ዘመን ከበር ጥግ ቆሞ ፊልም ሲሠራ ያየ ሰው የትኛው ትዕይንት እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ ይለያል። ይሄኛው ይነካል። ቢያጭበረብሩት፣ ቢንቁት፣ አንድ የሚለው ነገር አያጣም ነበር። እዚህ የሚጣላው ሰው የለም።

«የምፈልገው ምን መሰለዎት» አለች፤ «'ከቤቴ' የምትለዋ እንግዲህ አትሆንም፤ ቤቱ የርስዎ አይደለማ። በሷ ፋንታ 'አባትዎ ናቸው ያሉት፣ ይውጡ' ቢሉልኝ። አፍዎ በበሩ ጥላ ውስጥ ስለሆነ አይታወቅም።»

«እኔ ደግሞ…» አለ።

«አቤት ጋሼ?»

«ድምፁን ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ እንደ አባት ሆኜ ልሞክረው ብዬ ነበር። እዚህ ይወጣልኝ ይመስለኛል። ሰው ስለሌለ።»

ዳይሬክተሯ ወደ መስታወቱ፣ ከዚያ ወደ እጇ አየች። «ጋሼዬ» አለች፣ «አባቱ እኮ ተቀርጿል።»

አይሆንም ሊል ይችላል። ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ድምፁን ከፈለጉ ከየትም ያምጡ። ይህን ሁሉ አሰበ፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው «እሺ» ነው።

ማዳመጫውን አጠለቁለት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ በራ። ሰውየው ከጥግ ተነሣ፣ ሄደ፣ በሩን ከፈተ።

«አባትዎ ናቸው ያሉት፣ ይውጡ።»

ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ጀርባ አውራ ጣቱን አነሣ።

«አለቀ?» አለ እሱ።

«አለቀ! በአንድ ጊዜ!» አለች ዳይሬክተሯ፣ ከልቧ ደስ ብሏት። በሩ ድረስ ሸኘችው። «ስምዎም መጨረሻው ዝርዝር ላይ ሙሉውን አለ። 'የቤቱ አገልጋይ' ብለን።»

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ እሱም የፈለገው ረጅም መንገድ ነው። ለሚስቱ የሚነግርበትን ቃል መረጠ፤ አቀማመጡን አሳመረው። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለ ትዕይንቱ ማማር ደግሞ አንድ ይጨመርበታል። እንደ ወቀሳው ሸመደደው።

ሲገባ ወይን ጠጁ ቀሚስ በሁሉም ቦታ ነበር፤ እጅጌው ወንበር ላይ፣ ጀርባው ጠረጴዛ ላይ። ሚስቱ አፏ ውስጥ የያዘችውን እስፒል አወጣች።

«ምን አስደገሙህ?»

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።»

«አልካት?»

«አልኳት።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ» አለ። «ግን ስሚኝማ…»

አልሰማችውም። ስልኳን አንሥታለች። «ሄሎ፣ አንቺ! በአንድ ጊዜ አለልሽ! አዎ፣ ድምፁን ብቻውን ሊቀዱት ነው የጠሩት፤ ምን ያህል ቢያምርላቸው ነው!» ጣቷን ወደሱ ቀስራ ቆይ አለችው። ቆየ። ከእህቷ ጋር ስትጨርስ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን የሚቀጥለውን ቁጥር እየነካካች ነበር። «አንዴ፣ አሁን ባሏ ያነሣል፣ እሱም ካልሰማ ይቀየመኛል።»

ሊቀመጥ ፈለገ፤ ወንበሩ ላይ ያለው እጅጌ ከነእስፒሉ ነው። አነሣው። የት እንደሚያስቀምጠው አጣ። ጠረጴዛው ሞልቷል፤ መሬት ላይ እንዳይጥለው አዲስ ጨርቅ ነው። በሁለት እጁ ዘርግቶ እንደያዘው ቆመ።

«አዎ፣ አባቱን ነው!» ትላለች ሚስቱ በስልኩ፤ እያየችው፣ ዓይኗ እየሳቀ። «ቁጣውን ብታይ! አንተም ትመጣለህ፤ እምቢ ማለት የለም።» ዘግታ ዝርዝሩን ከመኪናው ላይ ነቀለችና ጣቷን ወደ ሦስተኛው ስም አወረደች።

«ስሚኝማ» አለ።

«እምም?» አለች፤ ስልኩ ይጠራል። ወዲያ ማዶ ስልኩ ተነሣ፤ እሱም እጅጌውንና የሸመደደውን እንደያዘ ተራውን ጠበቀ።